ሳይከፈት የሚነበብ ኬጅ፦ የአይጥ ማራቢያ ክፍል የ8 ሳምንት ማስታወሻ

ዓላማ፦ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ክፍል ውስጥ በአንድ ዙር እርባታ ዕድሜያቸው የተቀራረበ ግልገሎች ማግኘት። ዝርያው ጥቁሩ ሲ57 ብላክ 6 ነው። 12 ሴትና 6 ወንድ፣ ሁሉም የ7 ሳምንት ሆነው ይገባሉ። ቀን የሚቆጠረው ከገቡበት ዕለት ነው። ኬጆቹ ለየብቻ አየር የሚገባላቸው፣ የወለል ስፋታቸው 500 ካሬ ሴ.ሜ. ገደማ የሆኑ ናቸው።

ሊገቡ 14 ቀን ሲቀር

ክፍሉ ባዶውን ሥራ ጀመረ። ሙቀት 22 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ የክፍሉ አየር በሰዓት ከ10 እስከ 15 ጊዜ የሚቀየር። ግድግዳ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም፤ መዝጋቢ ቴርሞሜትር ኬጆቹ በሚቀመጡበት ከፍታ ላይ ተሰቅሎ ለ3 ቀን ተተወ። በመደርደሪያው የላይኛውና የታችኛው ረድፍ መካከል 2 ዲግሪ ልዩነት ተገኘ። ቀዝቃዛው በአየር ማስገቢያው ትይዩ ያለው የላይኛው ረድፍ ነው። እርጉዞች እዚያ አይቀመጡም።

22 ዲግሪ የሚመቸው ለሰው ነው። አይጥ ገላዋን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት የማታወጣው 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ክፍሉን ወደዚያ ማድረስ ግን አይሆንም፤ ጋውንና ጓንት የለበሰ ሰው አይችለውም፣ አሞኒያውም ቶሎ ይነሳል፣ አይጦቹ ራሳቸውም ሲተኙና ሲሯሯጡ የሚፈልጉት ሙቀት አንድ አይደለም። ልዩነቱን የሚሞላው ጎጆ ነው። ስለዚህ የጎጆ መሥሪያ ወረቀት በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ከመኖና ከውሃ እኩል ይቆጠራል።

መብራት ጠዋት 1 ሰዓት በርቶ ማታ 1 ሰዓት ይጠፋል፣ በራሱ ሰዓት ቆጣሪ። ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ማየት ግዴታ ነው፤ ከበሩ መስታወት የኮሪደር ጭላንጭል ይገባ ነበር። በጨለማ ሰዓት የሚገባ ትንሽ ብርሃን እርባታን ያዛባል። መስታወቱ በቀይ ፕላስቲክ ተሸፈነ፤ አይጥ ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያትም።

ድምፅም ተለካ፣ ግን በጆሮ አይደለም። አይጥ ሰው ከሚሰማው ጣሪያ ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ እስከ 100 ድረስ ትሰማለች። የሌሊት ወፍ ድምፅ የሚቀበል መሣሪያ ተይዞ ክፍሉ ሲዞር ሁለት ነገር ጮኸ፦ የጋሪው ጎማና የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ። ጎማው ዘይት ተቀባ። ለቧንቧው ግን እርጉዞችን እሱ ካለበት ግድግዳ ከማራቅ በቀር መላ አልተገኘለትም።

9 ቀን ሲቀር

ኬጆቹ ታጠቡ፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ 82 ዲግሪ መድረሱ በሙቀት ቀለሙን በሚቀይር ወረቀት ተረጋገጠ። ከዚያ ጉዝጓዙም ጎጆ መሥሪያውም ውስጣቸው ሆኖ በአውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ተህዋሲያንን የሚገድል ማሽን) 121 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ። ከአውቶክሌቭ የወጣ ጉዝጓዝ በእጅ ሲጨበጥ ቢጣበቅ የማድረቂያው ዙር አጥሯል ማለት ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ከመነሻው አሞኒያ ይጋብዛል፣ ይሻግታልም።

ጉዝጓዙ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ነው። የበቆሎ ቆሮቆንዳ ሽንትን በመምጠጥና አሞኒያን በመያዝ ይበልጣል፤ ሆኖም ይቆረቁራል፣ ለጎጆም አይመችም። የጥድና የሴዳር ፍቅፋቂ ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታቸውን የሚሰጡት ኬሚካሎች የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚቀሰቅሱ የመድኃኒት ጥናት ውጤት ያበላሻሉ። ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ. ነው። ብዙ መጎዝጎዝ ደግነት ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን ከታች በጠርሙሱ ክፍል ይታያል።

ጎጆ መሥሪያ፦ በኬጅ ከ8 እስከ 10 ግራም የተሰነጣጠቀ ረዥም ወረቀት። የተጨመቀችው የጥጥ ካሬ ብቻዋን 3 ግራም አካባቢ ስለሆነች ክዳን ያለው ጎጆ አይወጣትም። የተበተነ ጥጥ ክር በግልገል እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም ስለሚያግድ ተከልክሏል።

መኖው በጨረር የጸዳ እንክብል ነው። ከረጢቱ ላይ የሚታየው የተፈጨበት ቀን እንጂ የገባበት ቀን አይደለም፤ ከ6 ወር ያለፈ አይቀርብም። ለሚያረግዙና ለሚያጠቡ ስቡ 9 በመቶ ገደማ የሆነው፣ ለወንዶቹ ዝቅ ያለው። ከወለልም ከግድግዳም ራቅ ብሎ ተደረደረ።

2 ቀን ሲቀር፦ ጠርሙስ

በአይጥ ክፍል ውስጥ ከበሽታ ይልቅ ጠርሙስ ይገድላል። በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ ይደፋል ወይ ይዘጋል። ሲደፋ አይጧ ረጥባ ትቀዘቅዛለች፤ እንደዚህ ያለች ትንሽ ገላ ደግሞ ሌሊቱን አትሻገርም። ሲዘጋ ደግሞ መጀመሪያ መብላት ታቆማለች። እንክብሉ ሳይነካ የቆየበት ኬጅ ሲታይ የሚመረመረው መኖው ሳይሆን ቱቦው ነው።

ሁሉም ጠርሙሶች ተሞልተው ባዶ ኬጅ ላይ ለ24 ሰዓት ተገለበጡ። 4ቱ አፈሰሱ፦ ሦስቱ የጎማ ክዳናቸው ደርቆ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ቱቦው ውስጥ ያለችው ኳስ የተጣበቀችበት። ጠርሙሱ ጤነኛ ሆኖም የሚደፋበት ምክንያት አለ፦

ቱቦው ጉዝጓዝ ወይም የጎጆ ወረቀት ከነካ ውሃው እንደ ፋኖስ ክር ተስቦ ይወርዳል፣ ጠርሙሱም ባዶ እስኪሆን አያቆምም። በቱቦው ጫፍና በጉዝጓዙ መካከል ቢያንስ ሁለት ጣት ይኑር። ግማሽ የሆነ ጠርሙስ ከሙሉው ይልቅ ያፈሳል፤ ውስጡ ያለው አየር ክፍሉ ሲሞቅ ይለጠጥና ውሃውን ይገፋል። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው የተሰቀለ ጠርሙስም እንዲሁ። ስለዚህ ውሃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል፤ ግማሽ የደረሰ ጠርሙስ አይሞላም፣ ይለወጣል።

ውሃው ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ እንዳይራባበት አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ2.5 እስከ 3 ተደርጓል። አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል፣ ውሃው ወደ አሲድ አይጨመርም። ከ2.5 ከወረደ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ በመለኪያ እንጂ በጠብታ ቆጠራ አይሠራም። አንዲት አይጥ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ከ3 እስከ 5 ግራም ትበላለች።

ቀን 0

ሣጥኖቹ ደረሱ። ውጫቸው በፀረ ተህዋሲያን ተጠርጎ፣ መድኃኒቱ በመለያው ላይ የተጻፈለትን ያህል ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ቆይቶ (ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ አለማድረግ ነው) የተጣራ አየር ባለው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተከፈቱ። ሴቶች በኬጅ 4፤ ወንዶች በመጡበት ሣጥን አብረው የነበሩት ሦስት ሦስት ሆነው።

ማንም በጭራ አልተነሳም። ዲያሜትሩ 5 ሴ.ሜ.፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ የፕላስቲክ ቱቦ በእያንዳንዱ ኬጅ ውስጥ አለ፤ አይጧ በግድግዳው ጥግ ወደ ቱቦው ትመራለች፣ ሁለቱ አፎች በመዳፍ ሸፈን ተደርገው ትነሳለች። በጭራ የምትያዝ አይጥ በቱቦ ወይም በመዳፍ ከምትያዘው ይልቅ ሰው እንደምትሸሽና እንደምትጨነቅ ተመራማሪዎቹ ኸርስትና ዌስት በ2010 አሳይተዋል። ጊዜ ይወስዳል የሚለው ቅሬታ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ የሚመለከት ነው፤ ከዚያ ራሳቸው ይገባሉ። በድንገት ለማንሳት የጭራ ሥር ይያዝ ይሆናል፣ የጭራ ጫፍ ግን የትም ቦታ አይያዝም፤ ቆዳው ይገፈፋል።

ክብደት፦ ሴቶች ከ16 እስከ 18 ግራም፣ ወንዶች ከ20 እስከ 23።

ቀን 1

ከገቡ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጠዋት ኬጅ አይከፈትም። ሦስት ነገር ከውጭ ይነበባል፦ የጠርሙሱ ውሃ ቀንሷል ወይ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ነው ወይ፣ ወረቀቱ ጎጆ ሆኗል ወይ። ጎጆው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 1 ያልተነካ ወረቀት፣ 5 ግድግዳውና ክዳኑ የሞላ። አንድ የሴቶች ኬጅ 1 አገኘ። ምክንያቱ ሕመም አልነበረም፤ ወረቀቱ ከእንክብል መያዣው ሥር ተጣብቆ ቀርቶ ነው። በማግስቱ 4 ሆነ።

የነጥቡ ጥቅም ለውጡ ላይ ነው። ትናንት 4 የነበረ ዛሬ 2 ከሆነ ወይ ትታመማለች፣ ወይ ርጥበት አለ፣ ወይ ጠብ አለ። ሊገለጥ የሚገባው እንዲህ ያለው ኬጅ ብቻ ነው።

ቀን 3

በአንዱ የወንዶች ኬጅ ጠብ። ምልክቱ ከውጭ የታየው አንዱ ከጎጆው ወጥቶ የሽቦ ክዳኑ ላይ ተንጠልጥሎ በመገኘቱ ነው። ሲከፈት በጭራው ሥርና በወገቡ ላይ ንክሻ አለ። የተነከሰው ወጣ፤ ወደዚያው ኬጅ አይመለስም። ፊት ለፊት የቆሰለ ተከላካይ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ አጥቂው ነው፤ ሸሺው የሚነከሰው ከኋላ ነው። ቁስል የሌለበት ንጹሕ አይጥም አጥቂው ሊሆን ይችላል።

ቀን 5

የወንዶች ኬጅ ተለወጠ፤ እያንዳንዱም ለብቻው ሆነ። አሮጌው የጎጆ ወረቀት አብሯቸው ሄደ፣ ሽንት የጠጣው ጉዝጓዝ ግን አልሄደም። የጎጆው ሽታ ያረጋጋል፤ የቆሸሸ ጉዝጓዝ ግን ጠብ ይቀሰቅሳል። አሁን ብቻቸውን ስለሆኑ ጠቡ አያሰጋም፤ ልማዱ ግን ይጠበቅ።

ለውጡ ዛሬ የሆነበት ሌላ ምክንያት አለ። በቀን 11 የወንዶቹ ሽንት ያለበት ጉዝጓዝ ያስፈልጋል። ያን ቀን አካባቢ ኬጃቸው ቢጸዳ የሚወሰድ ነገር አይኖርም። የጽዳት መርሐ ግብርና የእርባታ መርሐ ግብር በተለያየ ሰው ሲያዙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስለ አለርጂ በዚሁ ይጻፍ፦ በአይጥ ክፍል ሰውን የሚያሳምመው ዋናው ነገር በሽንታቸው ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ወንዶች ደግሞ አብዝተው ያወጡታል። የቆሸሸ ጉዝጓዝ የሚገለበጠው አየር በሚስብ ጠረጴዛ ውስጥ ብቻ ነው፤ ልክ የሆነ የመተንፈሻ ጭምብል እንጂ የቀዶ ሕክምና ጭምብል አይበቃም።

ቀን 10

የሴቶች ኬጅ ተለወጠ። ለየብቻ አየር የሚገባለት ኬጅ ብዙውን ጊዜ በ14 ቀን ይለወጣል፤ እዚህ የተፋጠነው ለነገው ሥራ ሲባል ነው። የአሞኒያ መጠን ከመለወጡ በፊት በመለኪያ ቱቦ ታየ፤ ከሚሊዮን 25 እጅ መብለጥ የለበትም፣ አንዱም አልደረሰም። የሰው አፍንጫ መለኪያ አይሆንም።

ቀን 11

ከእያንዳንዱ ወንድ ኬጅ አንድ እፍኝ እርጥብ ጉዝጓዝ ወደ ሴቶቹ ኬጅ ተጨመረ። በጋራ የሚኖሩ ሴቶች የስሪያ ዑደታቸው ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፤ የወንድ ሽንት ሽታ ግን ያስጀምረውና አብዛኞቹን በሦስተኛው ሌሊት ወደ ስሪያ ያመጣቸዋል። ዑደቱ በተለመደው አካሄድ ከ4 እስከ 5 ቀን ስለሆነ፣ ያለዚህ ዘዴ በአንድ ሌሊት የምትጠቃው ከአራት ወይም ከአምስት አንዷ ብቻ ናት።

ቀን 13

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለት ሁለት ሴቶች ወደ አንድ አንድ ወንድ ኬጅ ገቡ። ሴቷ ናት ወደ ወንዱ የምትሄደው። ወንዱ ወደ ሴቶቹ ቤት ቢገባ ሌሊቱን ቦታ በማሽተትና ምልክት በማድረግ ያሳልፈዋል፣ ሴቶቹም ያባርሩታል።

ቀን 14 እስከ 17

በየጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ውታፍ ተፈለገ፤ ወንዱ ካጠቃ በኋላ በሴቷ ብልት ውስጥ የሚረጋ ነጣ ያለ ጠንካራ ነገር ነው። ሴቷ የኬጁን ክዳን በፊት እግሮቿ እንድትይዝ ተደርጋ፣ የጭራዋ ሥር በትንሹ ከፍ ብሎ ይታያል። ጥልቅ ከሆነ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ቀጭን ዘንግ ቀስ ብሎ ይነካል። ከሰዓት በኋላ መፈለግ ዋጋ የለውም፤ እስከዚያ ይሟሟል ወይም ይወድቃል።

ቀን 14፦ 6። ቀን 15፦ 1። ቀን 16፦ 2። ቀን 17፦ 1። ሁለቱ ምንም። ውታፉ የታየበት ዕለት እኩለ ቀን የፅንስ ዕድሜ ግማሽ ቀን ተብሎ ይመዘገባል። ውታፍ ግን ጥቃቱን እንጂ እርግዝናን አያረጋግጥም።

ውታፍ የተገኘባት ወዲያው ወጣች፣ ግን ወደ ሌላ ወንድ አጠገብ አልተወሰደችም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእንግዳ ወንድ ሽታ ፅንሱ ከማህፀን ግድግዳ ሳይጣበቅ እንዲቀር ያደርጋል። ተመራማሪዋ ሂልዳ ብሩስ ይህን በ1959 ስላሳየች በስሟ ይጠራል። የሥራ ጠረጴዛውን በሁለት ኬጅ መካከል ጠርጎ ጓንት መለወጥ የሚያስፈልገው ለበሽታ ብቻ አይደለም።

ቀን 24

ክብደት። ወደ ወንዱ ኬጅ ስትገባ ከነበራት ክብደት ጋር ሲነጻጸር 2 ግራምና ከዚያ በላይ የጨመረች እንዳረገዘች ተቆጠረች። ከ10ሩ 8። ሆድ መዳሰስ አልተፈለገም፤ ልምድ የሌለው ጣት ፅንስ ይጎዳል፣ ሚዛን ግን አይጎዳም።

ቀን 28

እርጉዞቹ ለየብቻ ወደ አዲስ ኬጅ ተዛወሩ፣ ከነጎጆአቸው፤ 10 ግራም ትርፍ ወረቀት ተጨመረ። ከዚህ በኋላ ሊወልዱ ሲቃረቡና በወለዱ የመጀመሪያ ቀናት ኬጅ አይለወጥም። ጠርሙሱ ሙሉ፣ መኖው ለ10 ቀን የሚበቃ። እናትና ግልገሎቿ 330 ካሬ ሴ.ሜ. ይበቃቸዋል፤ ወንዱ አብሮ ቢሆን ግን ሴቷ በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፣ ሁለተኛው ወሊድ ሲመጣ ትልልቆቹ አዲሶቹን ይረግጣሉ፣ ወተቱንም ይቀማሉ።

ቀን 33 እስከ 36

ወሊድ። አብዛኛው በሌሊት ሆነ። ኬጁ ሳይነሳ፣ ከመደርደሪያው ፊት ሆኖ ብቻ ይሰማል፣ ይታያል፦ ጩኸት፣ የተዘጋ ክብ ጎጆ፣ የሆዷ መጉደል። ለመቁጠር መቸኮል የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ነው። የተቆጠረ ግልገል ካልተቆጠረው አይበልጥም።

አንዷ በቀን 34 ጠዋት ጎጆዋን በትና፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዓይኗን አጥብባ ተገኘች፤ በብልቷ ደም። ምጥ ጠንቶባታል። የእንስሳት ሐኪሙ ተጠርቶ ያለ ስቃይ እንድትሞት ተወሰነ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደቂቃ ከሣጥኑ መጠን ከ30 እስከ 70 በመቶ በሆነ ፍጥነት፣ በፍሰት መለኪያ፣ አስቀድሞ ባልተሞላ ሣጥን። መሞቷ በሁለተኛ ዘዴ ይረጋገጣል። በሆድ ያሉትና ገና የተወለዱ ግልገሎች የአየር እጥረትን ለረዥም ጊዜ ስለሚቋቋሙ ይህ ጋዝ ለእነሱ አይበቃም፤ ሌላ የተፈቀደ ዘዴ ያስፈልጋል።

ሌላዋ የወለደቻቸውን በላች። በመጀመሪያ ወሊድ የማይታይ ነገር አይደለም። መዝገቡ ሲታይ ያ ኬጅ ወደ ቧንቧው የቀረበው ነበር። አንድ ኬጅ ምንም አያረጋግጥም፤ ረድፉ ግን ተዛወረ።

ቀን 39

የመጀመሪያው ቆጠራ። እናትየው በቱቦ ወጥታ ሌላ ኬጅ ውስጥ ቆየች፤ ጓንት በራሷ ጉዝጓዝ ታሸ። 6 እናቶች፣ 37 ግልገሎች። ሆዳቸው በቆዳቸው በኩል ነጭ ሆኖ የሚታይ ወተት ጠግበዋል። ያ ነጭ ምልክት ያልታየበት ግልገል ቢኖር ማሳደጊያ እናት የሚፈለግለት በመጀመሪያ ቀናት ነው እንጂ አሁን ዘግይቶ ነበር። ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው፦ ጸጉር በሳምንቱ አካባቢ፣ የሴቶች ጡት ጫፍ በ9ኛ ወይም 10ኛ ቀን፣ ዓይን ከ12 እስከ 14። በጥቁር ዝርያ ወንዱ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በብልቱና በፊንጢጣው መካከል ጥቁር ነጥብ ስላለው ለመለየት ይቀላል።

ቀን 49

በአንድ ግልገል ግንባሩ ወደ ላይ ያበጠ፣ ከወንድሞቹ ያነሰ። በዚህ ዝርያ የታወቀው የአንጎል ውሃ መጠራቀም ነው፤ አይድንም። ያለ ስቃይ እንዲያርፍ ተደረገ። ቀሩት 36። መዝገቡ ላይ የወላጆቹ ቁጥር ተጻፈ።

በሁለት አዋቂ ወንዶች አንገት ላይ ማከክ ተጀመረ። ይህ ዝርያ ለሚቆስል የቆዳ በሽታ የተጋለጠ ነው፤ ቁስሉን የሚያብሰው የራሳቸው የኋላ እግር ጥፍር ነው። ጥፍሩ ተከረከመ። ቁስል ሳይሆን ገና ማከክ እያለ ሲከረከም ብዙ ጊዜ በዚያው ይቆማል።

ቀን 54 እስከ 57

ጡት ማስጣል፣ በተወለዱ በ21ኛው ቀን። ከ8 ግራም በታች የሆኑት 5ቱ ከእናታቸው ጋር ቀሩ፤ እስከ 28ኛው ቀን ይጠበቃሉ። ወንድና ሴት ተለዩ፦ 19 ወንድ፣ 17 ሴት። በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ርቀት በወንድ ይረዝማል፤ የሚለየው ሁለት ግልገል ጎን ለጎን ተይዞ እንጂ አንዱን ብቻ በማየት አይደለም። በኬጅ ከ5 አይበልጡም። የጆሮ ምልክት ዛሬውኑ ተደረገ፣ ለምርመራ የሚወሰደውም ያው የተበሳው የጆሮ ቁራጭ ነው፤ ጭራ አይቆረጥም።

ጡት በጣለ ግልገል የመጀመሪያው ሌሊት አደጋው እንደገና ጠርሙስ ነው፤ ቱቦው አይደረስበትም ወይም አያውቀውም። ረዘም ያለ ቱቦ ተሰቀለ፣ ጫፉ በጣት ተነክቶ ጠብታ እንዲንጠለጠልበት ተደረገ። በውሃ የራሰ እንክብል በትንሽ ሳህን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እርጥቡ መኖ ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሚሻግት በየቀኑ ይለወጣል፤ ለ3 ቀን ብቻ።

ለነገ የቀረው፦ ከየኬጁ አንዳንድ ማንኪያ የቆሸሸ ጉዝጓዝ ለጠቋሚ አይጦቹ (በክፍሉ በሽታ መኖሩ የሚመረመርባቸው) ኬጅ መስጠት፤ ከመደርደሪያው የአየር መውጫ አቧራ በጥጥ እንጨት መውሰድ (ማይት የተባለው በጸጉር ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ተባይና ሴንዳይ የተባለው የመተንፈሻ ቫይረስ በጉዝጓዝ በደንብ ስለማይተላለፉ)፤ የ5ቱን ትንንሾች ክብደት መመዘን። ከታች 3ኛ ረድፍ፣ ኬጅ 7፦ ጎጆው ዛሬ ከ4 ወደ 3 ወርዷል፤ ጠዋት መጀመሪያ እሱ ይታይ።